የአየር ታሪፍ

ከተርጫ የተነሣው አውቶብስ ሲገባ፣
የመናኸሪያው መብራት በካፊያ ሲያነባ፣
ረዳቱ ከጣሪያ ላይ ገመድ እየፈታ
«ይኼ የማን ነው?» አለ በዚያ ሁሉ ቱማታ።
ብርማ ከረጢት ነው፣ ሆዱ የተነፋ፣
ብድግ ሲያደርገው ጊዜ ክብደቱ የጠፋ።

«የኔ ነው።»
«ምን ይዟል?»
«አየር።»
«አየር?» ብሎ ሳቀ፣ ወደ ሐይቁ እያየ፣
«የሐዋሳስ አየር በምን ጉድለት ታየ?»
ሠላሳ ብር ከፈልሁ። ደረሰኝ ስለምነው
«ለአየር ታሪፍ የለንም» አለ፤ «አንድ ፍየል» ብሎ ጻፈው።

ማዳልቾ፣ ስድስተኛው ከረጢትህ ደረሰ፤
ቫልቩ በፕላስተር ታሽጎ፣ ትንሽም አልፈሰሰ።
ሰዓቱን ግን ረሳህ፤ ቀኑን ብቻ ነው የጻፍህልኝ፤
የማለዳው ትንፋሽ ከቀትሩ ተቀላቀለብኝ።
ዝናብ ሊጥል ሲዳዳው፣ የሰማዩ ክብደት ሲቀል፣
ድንጋዩ እንደ መላላት ብሎ ከሰሉ በረጅሙ ይተነፍሳል።
እና ጻፍ፦ በስንት ሰዓት? ከየትኛው ጉድጓድ?
ማራገቢያው ይዞር ነበር? ወይስ ቆሟል መብራት ሲሄድ?
አፍንጫህን አትመን። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤
መርፌ ካልጠየቀው በቀር ስሙን አይነግርም ለሰው።

እኔ ያወቅሁት ልጅ ሳለሁ ነው፣ እዚሁ ሐይቁ ዳር፣
ደንገሉ ሥር ያለውን ጭቃ በእንጨት ስንቆፍር።
አረፋ ብቅ ብቅ ይላል። ወንድሜ ሻሚሶ ጎንበስ ብሎ
ክብሪት ጫረ፤
ሰማያዊ ነገር ቦግ አለ፣ ቅንድቡን ይዞ በረረ።
እናታችን እስከ ፋሲካ ያለ ቅንድብ አየችው።
«ምን ነካው?» ስትል «አየር» አልኋት፤
እውነቴን ነበር፤ ግን እኔን ነው የመታችው።

ኢንጂነር ቡሪሶ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሠንጠረዥ አለ፤
ቶኑን በአንድ ቁጥር አባዝቶ «ጋዙን አወቅሁ» ያለ።
ቁጥሩ የባሕር ማዶ ነው፤ አልረገጠም የዳውሮን ጭቃ፤
ከሰላችንን ሳያይ የሚሟገትለት ጠበቃ።
የእኔ መሣሪያ ሦስት እጥፉን አነበበ።
መሣሪያውን ጠረጠርሁ። ራሴን ጠረጠርሁ።
መጠኑ በታወቀ ጋዝ ፈትኜው፣ እንደገና ለካሁ።
ያው ሦስት እጥፍ።
«በሠንጠረዡ ይግባ» አለኝ፣ «ለሪፖርቱ ይበቃል።»
ክፉ ሰው አይደለም ቡሪሶ፤ የሩብ ዓመት መዝጊያ ነው፣ ደክሞታል።
ግን ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ የሚባለው ይኼ ነው፤
ያልለካነውን ቀዳዳ በየት በኩል እንድፈነው?
ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ጻፍሁ።
ፈረመበት። አንብቦ ይሁን ሳያነብ እስከ ዛሬ አላወቅሁ።

በሚያዝያ ደብዳቤህ መጣ፦ አንዱ ጉድጓድ ቱቦ ገብቶለት
ጋዙ ሠራተኛው ምግብ ቤት ደርሶ ምስር ተቀቀለበት።
ፎቶውን ደጋግሜ አየሁ፤ ጥቁር ድስት፣
ከሥሩ ያ የሻሚሶ ሰማያዊ እሳት።
አሥራ አንደኛውን ከረጢት እጄ እየተንቀጠቀጠ ከፈትሁት፣
በግማሽ ይወርዳል ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ያሰብሁት።
የወረደው ሩቡ ነው።
እልል አላልሁም። አላዘንሁምም። ሩብ፣ ሩብ ነው።
ሁለተኛው ጉድጓድ አሁንም አፉን ከፍቶ ያድራል፤
አንተ ተኝተህ፣ እኔ ተኝቼ፣ እሱ ይተነፍሳል።

ትናንት የሒሳብ ክፍሏ አስካለች መነጽሯን ዝቅ አርጋ
ወረቀት ይዛ መጣች፣ ቆመች ከበሬ ተጠግታ፦
«አሥራ አንድ ፍየል አስጭናችኋል በዚህ በጀት ዓመት፤
አንዲቷንም አላየሁ። የት ገቡ? ማን በላቸው? በየት?»
ሳቄን ውጬ ደረሰኞቹን ከእጇ ተቀበልሁ፤
ከእያንዳንዱ ጀርባ «አየር» ብዬ ጻፍሁ፣
ከሥሩ መጠኑን፣ ጉድጓዱን፣ የተቀዳበትን ሰዓት።
የስድስተኛው ሰዓት ባዶ ነው።
ባዶውን ተውሁት።